ተዘዋዋሪ ቡድን ወይስ ቋሚ መንደር?

እርሻ በመካከለኛው ምሥራቅ ከ11,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሲጀመር፣ የሰው ልጅ ሁለት የአኗኗር መንገዶች ነበሩት፦ እያደኑና እየለቀሙ መዘዋወር ወይም እያረሱ በአንድ ቦታ መስፈር።

ድካም፦ አዳኝና ለቃሚው ያገኘውን ዕለቱን ይበላል። ገበሬው ከእርሻ እስከ ውቂያ ወገቡ አይቀናም።

አደጋ፦ ድርቅ ሲመጣ አዳኙ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ገበሬውን ጎተራው ያቆየዋል። ተላላፊ በሽታ ግን በተፋፈገ መንደር ይበረታል።

አስተዳደር፦ ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በታንዛኒያ አዳኝና ለቃሚ የሆኑት የሃድዛ ሕዝቦች ሰፈር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሰው ይይዛል፤ የተጣላ ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል እንጂ አለቃ አይፈልግም። መሬትና ጎተራ ያለው ግን ጥሎ አይሄድም፤ ዳኛና የድንበር ሕግ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ ንጉሥ የግድ አይደለም፦ በቱርክ ቻታልሆዩክ በተባለች ጥንታዊ የገበሬዎች መንደር ከ9,000 ዓመታት በፊት ብዙ ሕዝብ ሲኖር፣ ቤተ መንግሥት አልተገኘባትም።

ሰው ጥቂት፣ ምድሩ ሰፊ ከሆነ መዘዋወሩ፤ ሕዝብ ከበዛና ውሃው አስተማማኝ ከሆነ መስፈሩ ያዋጣል።