የ1948ቷን ባቡር ላስነሱልን ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስ

እዚህ ሜሪላንድ አካባቢ ለምትኖሩና ቤታችሁ አሮጌ መጫወቻ ባቡር ላላችሁ ነው የምጽፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጎረቤታችን የነበሩ አሜሪካዊ አዛውንት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ለልጄ አንድ ካርቶን ሰጡት። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ላዮኔል የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ኩባንያ የሠራው ባቡር ነበር፤ ቀይና ብርማ፣ ጎኑ ላይ ሳንታ ፌ የሚል የምድር ባቡር ኩባንያ ስም ያለበት። በልጅነታቸው ለገና የተሰጣቸው ነው። ልጄ ሐዲዱን ገጣጥሞ ቢሰካው ጭጭ አለ። አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው ሳይከፍተው «ሞተሩ አልቋል፣ ቀለሙን አድሼ የመደርደሪያ ጌጥ ላድርግልህ» አለኝ። እንኳንም እሺ አላልኩ።

አንድ ወዳጄ ነው ወደ ጋሼ የመራኝ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ እንዲሁ ጋሼ እላቸዋለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፣ አባታቸውም የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ካርቶኑን ስከፍት መነጽራቸውን ጠረጉና ቁጥሩን አነበቡ፦ 2333። «ይሄማ ታሪክ ያለው ነው ልጄ» አሉኝ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ባቡሮች ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ እየዞሩ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ኢሊኖይ ውስጥ ይሠራው የነበረው ኤፍ 3 የሚባል የናፍጣ ባቡር፣ ባለ 16 ሲሊንደርና 1,500 የፈረስ ጉልበት ነበር። ላዮኔል የእሱን ትንሽ አምሳያ እ.ኤ.አ. በ1948 አወጣ። ቅርጹን ማውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ጄኔራል ሞተርስ እንዲሁም ሳንታ ፌና ኒውዮርክ ሴንትራል የተባሉት የምድር ባቡር ኩባንያዎች ወጪውን ተጋሩት። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽዬ የጄኔራል ሞተርስ ምልክት ለዚህ ነው። ለእነሱ ማስታወቂያ ነበር፣ ለሕፃናቱ ግን የገና ሕልም። ቀዩ ቀለምም የ1937 ሥራ ነው፤ ሊላንድ ኒከርቦከር የሚባል የጄኔራል ሞተርስ ሠዓሊ የነደፈው።

ይህን እያወሩኝ በካቻቢቴ ከፈቱት። ጥፋተኛው ወዲያው ታየ፤ የባትሪ ድንጋይ! ባቡሩ የሚሄደው ከሐዲዱ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው፣ ጡሩምባው ግን የራሱ ድንጋይ ሆዱ ውስጥ አለው። ድንጋዩ ለዓመታት ተረስቶ አፍስሷል፣ ብረቱንም በልቶታል። ግሪሱ እንደ ሰም ደርቋል። የሽቦዎቹ ልባስ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር።

ሁለቱም ሞተሮች ደህና ነበሩ። «አልቋል» የተባለው ሞተር ማለት ነው! ጋሼ ማርሹን በጥርስ መፋቂያ ጥርስ በጥርስ አጸዱት። ሽቦውን ቀየሩ፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ካርቦን ለወጡ፣ ዝገቱን ፋቁ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

አፍንጫው ላይ ቀዩ ቀለም ተልጧል። እባክዎ ይቀቡልኝ ብላቸው እምቢ አሉ። «ይሄንን የላጠው የልጅ እጅ ነው። እዚህ ጋ እየያዘ ነው ሲያነሳው የኖረው። እኔ አልነካውም» አሉኝ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት፤ ልክክ አለ። ሰባ ዓመት ያለፈውን አሻራ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ላጠፋው ነበር።

ቅዳሜ ጠሩን። ልጄ የትራንስፎርመሩን እጀታ ቀስ አድርጎ ገፋው። መጀመሪያ እንዝዝ አለ፣ ከዚያ ተንቀሳቀሰ። ጡሩምባው ሲጮህ ልጄ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። ቪዲዮውን ለአዛውንቱ ስልክላቸው ደውለው «ጡሩምባውን አንዴ ድገሙልኝ» አሉ።

ስለ ዋጋ ለምትጠይቁ፦ ጋሼ ከፍተው ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም፣ ከተናገሩት በላይም አንዲት ሳንቲም አልጨመሩብኝም። የቀየሯቸውን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ በትንሽ ፌስታል አድርገው መልሰውልኛል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። እስከዚያው ባቡራችሁን ሞክረን እንየው ብላችሁ እንዳትሰኩት። ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ካለ ግን ዛሬውኑ አውጡት።