ፒያሳ ያለችው አሮጌ መጽሐፍ ቤት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግንብ ብዙም ሳትርቅ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቱ ጋሼ መጽሐፉን የሚደረድሩት በደራሲ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል። አቤ ጉበኛ ብቻውን አንድ መደርደሪያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሀዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በሦስት ልብ ወለድ ጥግ ይዘዋል።

እኔ መቼም ዝም አልልም፤ "ጋሼ፣ ብዙ የጻፈ አይበልጥም ወይ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ሀዲስ በ1958 ፍቅር እስከ መቃብርን አውጥተው ብዕራቸውን ቢሰቅሉስ? ማን ትንሽ ይላቸው ነበር?"

እሱስ ልክ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። በዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገርን በ1962 አሳተመና ዘሎ በ1975 ኦሮማይ ላይ አልደረሰም። መሃል ላይ ያሉት መጻሕፍት እጁን አፍታተውታል ባይ ነኝ። ብዛት ታላቅ አያደርግ ይሆናል፤ ልምምድ ግን ይሆናል። ጋሼ አልተቀበሉኝም፤ ሻይ አዘዙልኝ።

ወደ ሱቋ ስመለስ፣ ዋጋው ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል። ክርክር ግን ይፈቀዳል። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ካለ ሳይነግሩ አይሸጡም፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ አብርቶ መፈለግ ነው። አቧራ የማይስማማው ማስክ ይያዝ። የትርጉም ሥራ ፈላጊ ብዙ ተስፋ አያድርግ። እሑድ ዝግ ነው።