«ሜዲሲን ያስገባል» ስለተባለ የማጠናከሪያ ማዕከል የአንድ ወላጅ ግምገማ

ልጄ የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመውሰዷ በፊት ስምንት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ተምራለች። ማዕከሉን በስም አልጠራውም። እዚህ የምጽፈው ግን ገንዘብ ከፍዬ ያየሁትን፣ የልጄን ደብተሮች እያገላበጥኩ ያነበብኩትንና ከሌሎች ወላጆች ጋር የተነጋገርኩበትን ነው። በማዕከሉ በር ላይ ቀደም ባሉት ዓመታት ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች ነጭ ጋውን ለብሰው የሚታዩበት ባነር ተሰቅሏል፤ ከሥሩም ማዕከሉ ለሜዲሲን እንደሚያበቃ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። እኔም ልጄን ያስመዘገብኳት ይህንኑ አምኜ ነበር።

እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የሚያምን ወላጅ የዋህ ነው ማለት አይቻልም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ፤ ልጄ በተፈተነችበት ዓመት ደግሞ 5.4 በመቶ። ማለፉ ራሱ እንዲህ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ጥቁር አንበሳን፣ ጳውሎስን፣ ጎንደርን ወይም ጅማን የምትመኝ ልጅ ያላት እናት ወይም አባት የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ለቱቶሪያል ቢያወጣ አያስገርምም።

በቅድሚያ መልካሙን ልናገር፤ ይገባዋልና። የፊዚክስ ትምህርቱ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መምህሩ አንድ ተማሪ የሳተውን ጥያቄ መልስ ከመንገራቸው በፊት፣ ተማሪው ለምን እንደሳተው በራሱ ቃል ጽፎ እንዲያመጣ ያደርጋሉ። ልጄ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብተሯ ላይ ያሰፈረችው ማብራሪያ አብዛኛው «ቸኩያለሁ» የሚል ነበር፤ እሳቸው ግን ይህን አልተቀበሏትም። ወደ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ በቬክተር ጥያቄዎች አቅጣጫን ትታ መጠኑን ብቻ እንደምትደምር፣ በኤሌክትሪክ ጥያቄዎች ደግሞ አሃዶችን ሳትቀይር ወደ ስሌት እንደምትገባ ራሷ ደርሳበት ጻፈች። ስህተቷን በስሙ የምትጠራ ልጅ ሳያት ለከፈልኩት ብር ሁሉ ዋጋውን ያገኘሁ መሰለኝ። በሒሳብም ትምህርት ቤቷ በጊዜ እጥረት እየዘለለው የሄደውን ካልኩለስ ከመሠረቱ ጀምረው አስተምረዋታል። በየሦስት ሳምንቱ እሑድ የሚሰጠው ሞዴል ፈተና ደግሞ በሰዓት የሚሰጥ፣ በጥብቅ የሚጠበቅና ውጤቱ በሦስት ቀን ውስጥ የሚመለስ ነበር።

የባዮሎጂው ትምህርት መካከለኛ ነው፤ ማስታወሻ ይታደላል፣ ይሸመደዳል። የኬሚስትሪ ዎርክሺቶቹ ግን መታረም አለባቸው፤ በአንዱ ላይ ከ40 ጥያቄዎች የስድስቱ መልስ የተሳሳተ ሆኖ አግኝተነዋል፣ ለቢሮው ስናመለክትም «በሚቀጥለው ኅትመት ይስተካከላል» ተባልን። ሲመዘገቡ በአንድ ክፍል 25 ተማሪ እንደሚሆን የተነገረንም ከሁለተኛው ወር በኋላ ወደ 46 ከፍ ብሏል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በልጄ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚፈተኗቸው ስድስት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው ከ100 የሚታሰቡ ነበሩ፤ ድምሩም 600 ነበር። እንግዲህ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታን የሚለካው ፈተና) ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ እኩል ክብደት አላቸው ማለት ነው። ማዕከሉ ግን ለሐኪምነት የሚያስፈልገው «ሳይንሱ ነው» በሚል አስተሳሰብ እንግሊዝኛን በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ያስተምር ነበር፤ አፕቲትዩድንም እስከ መጨረሻው ወር ድረስ አልነካውም። ልጄ ካመጣችው 455 ውስጥ ሒሳብ 84፣ ባዮሎጂ 82፣ ፊዚክስ 81፣ ኬሚስትሪ 78 ሲሆን፣ እንግሊዝኛ 67፣ አፕቲትዩድ ደግሞ 63 ነበር። ወደ ሜዲሲን በሚደረገው ፉክክር ጥቂት ነጥብ ልዩነት እንደሚፈጥር እያወቁ፣ ከጠቅላላው ፈተና ሲሶውን ለተማሪው ብቻ ትቶ «ለሜዲሲን አዘጋጃለሁ» ማለት ትክክል አይደለም።

በባነሩ ላይ ያለው ተስፋም ሌላ እውነት ይሸሽጋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ትምህርት ስለተመለሰ፣ ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ በቀጥታ ሜዲሲን አይገባም፤ መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ወስዶ በዚያ ባመጣው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እና በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ተወዳድሮ ነው የትምህርት ክፍል የሚደርሰው። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት የሚሰጥበትን ጥቁር አንበሳን የሚያልም ተማሪ ሌላ በር ይጠብቀዋል። በተጨማሪም ሕክምና በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ፣ በመምህር ሐኪም ዓይን ሥር የሚማሩት ሙያ ስለሆነ የቦታው ቁጥር በአልጋና በመምህራን ብዛት የተገደበ ነው። ይህን ሁሉ ለወላጅ ማስረዳት የማዕከሉ ግዴታ ነበር፤ በስምንት ወር ውስጥ በተደረጉት ሁለት የወላጅ ስብሰባዎች ግን ስለ ፍሬሽማን አንድም ቃል አልሰማሁም። ልጄ ዛሬ ፋርማሲ እየተማረች ነው። በብሔራዊ ፈተናው ከእሷ ያነሰ ውጤት የነበራት የማዕከሉ ጓደኛዋ በፍሬሽማን ጂፒኤዋ በልጣ ሜዲሲን ገብታለች፤ ደስም ብሎናል፤ ልጄም ራሷ ደውላ እንኳን ደስ አለሽ ብላታለች።

አንድ ነገር ግን በአጭሩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከእያንዳንዱ ሞዴል ፈተና በኋላ የተማሪዎች ሙሉ ስምና ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተደርድሮ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ልጅ ስሙ ከሥር ሦስተኛ ሆኖ ከተለጠፈ በኋላ መምጣት አቁሟል፤ እናቱ ከበሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ውጤትን በመለያ ቁጥር መለጠፍ ወይም ለየተማሪው በግል መስጠት ምንም ወጪ የለውም። ይህን ጽፌ ለማዕከሉ አስገብቻለሁ፤ ዝርዝሩ ግን መለጠፉን ቀጥሏል።

ክፍያው በወር 3,500 ብር ሲሆን በየሦስት ወሩ አስቀድሞ ይጠየቃል። ደረሰኝ ጠይቁ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ ተቀብዬ ነበር። ያቋረጠ ተማሪ ገንዘብ አይመለስለትም፤ ይህም በምዝገባው ቅጽ ላይ በጥቃቅን ፊደላት ተጽፏል።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ማዕከል እልከዋለሁ፤ ግን ለፊዚክስና ለሒሳብ ብቻ፣ በየትምህርት ዓይነቱ መክፈል እንደሚቻል ካረጋገጥኩ በኋላ። እንግሊዝኛውንና አፕቲትዩዱን እኅቱ ክረምት ላይ ከካምፓስ ስትመለስ ታስጠናዋለች፤ የሳተቻቸውን ጥያቄዎች የጻፈችበት ደብተር አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ።