የጓሳ የእግር ጉዞ፦ ከመኪና ውረዱ፣ ስካውት ያዙ

መንዝ ጓሳ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ደጋ የሳር ሜዳ፣ ደርሰው የተመለሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። የሚያሳዩኝ ፎቶ ግን ተመሳሳይ ነው። መንገድ ዳር የተቀመጡ ጭላዳዎች፣ ከኋላቸው ጭጋግ። ያምራል፣ አልክድም። ግን ጓሳን በመኪና መስኮት አይቶ መመለስ ያሳዝነኛል፤ የቦታው ትልቁ ነገር የሚገኘው በእግር ነው፣ ያውም ስካውት፣ ማለትም ቦታውን የሚጠብቅና እንግዳ የሚመራ የአካባቢው ሰው፣ ከፊት ሲመራ። ስለዚህ የምገመግመው ሎጁን ወይም መልክዓ ምድሩን አይደለም። ስካውቱ ከፊት እየሄደ፣ ዱካ እያሳየ የሚያስኬደውን የግማሽ ወይም የሙሉ ቀን ጉዞ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሳልሰስት የምከፍልበት አገልግሎት ይሄ ነው።

መጀመሪያ አካሄዱን። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማ በር ድረስ ትሄዱና ዋሻው ሳትገቡ ወደ ግራ ታጥፋላችሁ፤ በመዘዞና በሞላሌ አድርጋችሁ ወደ መሐል ሜዳ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለውም ርቀት ከመጀመሪያው ብዙ አያንስም፣ ስለዚህ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አትሞክሩት። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና አለ። እኛ ግን መኪና ተከራይተን ነበር፣ ስሙን የማልጠራው አከራይ ሊነጋ ሲል እመጣለሁ ብሎ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የመጣው። ይሄን የማነሳው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ጓሳ ላይ ጠዋት የጠፋ ሰዓት አይተካም፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ደህንነት አጣሩ፤ በዚህ ጊዜ ሳይጠይቁ መውጣት አያዋጣም።

ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቆላ ለለመደ ሰው ትንሽ ዳገት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። የመጣልን ስካውት ይሄን ያውቃሉ መሰለኝ፣ እርምጃቸውን በእኛ ልክ አደረጉት። በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ብዙ ሳያወሩ መንገድ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ዝምታቸው ከብዶኝ ነበር፣ ሌላ ቦታ ያየኋቸው አስጎብኚዎች ከመኪና ሳትወርዱ ታሪክ ያወርዱባችኋላ። እሳቸው ግን የሚናገሩት የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። ስልቱ እየቆየ ነው የገባኝ፦ ዓይናችሁ እንዲሠራ ይተዉታል።

ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ሳር ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ በነፋስ የሚተኛ የጓሳ ሳር፣ አልፎ አልፎ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል፣ ጎድጎድ ባለው በኩል የአስታ ቁጥቋጦ። ትንሽ ስትሄዱ ግን መሬቱ በሙሉ በመንገድ የተሞላ መሆኑን ታያላችሁ። ሳር አጫጆች ወደየመንደራቸው የወረዱበት ጥርጊያ አለ። በጎች ያለፉበት ሌላ ነው፣ በኮቴ ደቅቆ አቧራ ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ ቀጠን ያለ፣ እግር በእግር ካልሄዱበት የማይታይ የአውሬ መተላለፊያ ደግሞ አለ። ጋሼ እየቆሙ ያሳዩናል። አንዱ ጋ ሳሩ ተነጭቷል፣ አፈሩ ተጭሯል፣ እበቱ ገና እርጥብ ነው። «ጭላዳ ነው፣ ዛሬ ጠዋት» አሉ፤ ወደ ገደሉ በኩል በዱላቸው ጠቆሙ። በዚያው አቅጣጫ ሄድን፣ ከጉብታው ማዶ መንጋው ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ሳር ይነጫል።

የጠዋቱ ነገር እዚህ ጋ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው፣ ከአዳኝ ለመሸሽ። ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣና ቀኑን እየተንፏቀቀ ሳር ሲበላ ይውላል። ከገደሉ ጫፍ ሲወጡ ለማየት በማለዳ መድረስ አለባችሁ፣ እኛ ያ አምልጦናል። ስካውቱን ለመቅጠር ስትነጋገሩ በምን ሰዓት እንደምትነሱ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሎጁ ውስጥ ወይም መሐል ሜዳ አድራችሁ ከሆነ ደግሞ በጣም ይቀላል።

ቀይ ቀበሮውን ለማየት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። ጓሳ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ይታያሉ ብሎ የሚምልላችሁ ስካውት ካለ አትመኑት። የእኛው አልማሉም። ያደረጉት የአይጥ ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ መርጠው ማስቀመጥ ነው። ቀበሮው በቡድን ይኖራል፣ ለአደን ግን ብቻውን ነው የሚወጣው፣ ምግቡም አብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ዱካውን ብቻ ከመከተል የሚበላበትን ማወቅ ይበልጣል። ስንጠብቅ ቆይተን እኔ መነሳት ስጀምር «ልጄ፣ አትቸኩዪ፣ እሱ አይቶናል» አሉኝ። እውነትም ከፊታችን ሳሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ሲነሳ ነው ያየሁት፣ ቀይ ጀርባ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ቀጫጭን ረጅም እግር። ወደ ጭላዳዎቹ መሐል ገባ። እነሱ አልሸሹም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አልነካም።

ይሄ ነገር ገርሞኝ ጠየቅሁ። ጋሼ ሁልጊዜ እንደሚያዩት ነገሩኝ። ተመራማሪዎችም አጥንተውታል፦ ጓሳ ላይ ጭላዳን ለዓመታት ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ጭላዳዎች መሐል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ከሜዳው ላይ ሆኖ በዓይን እያዩ ይሄን መስማት ሌላ ነገር ነው።

ጭላዳው ታይቶ ቀበሮው ባይታይስ? እኔ በበኩሌ ያኔም ገንዘቤን አልቆጭም ነበር፣ ምክንያቱም ጉዞው ስለ አውሬ ብቻ አይደለም። ሜዳው እስካሁን ሳር ሆኖ የቆየው ለምን እንደሆነ የሚነግራችሁ የአካባቢው ሰው ነው። የመንዝ ገበሬዎች ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ባለመብቶቹ አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት የጥንት አባቶች የተወለዱት ነበሩ። ከመካከላቸው የሚመረጥ አባ ቀራ የሚባል የጥበቃው አለቃ ነበራቸው። ሳሩ እንዲያድግ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፣ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ያጭድ ነበር። ቤት የሚከደነው በዚሁ ሳር ነው፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ ዝናብ የሚያስጥለው ገሳ የሚሠራውም ከሱ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን እንደገና ተሰባስቦ በራሱ ኮሚቴ መጠበቅ ጀመረ። የቀረው ሳር፣ ቀበሮውም፣ የዚህ ጥበቃ ውጤት ነው። እኔ ይሄን በደንብ ማለት እፈልጋለሁ፦ ለስካውት የምትከፍሉት ብር ይህን ሜዳ ሳይታረስ ላቆየው ሰው እጅ ይገባል። ተከራክራችሁ አታራክሱት።

ሕጋቸው ጥቂት ነው፣ አክብሩት። ከመንገዱ አትውጡ ይላሉ፤ መሬቱ በአይጥ ጉድጓድ የተቦረቦረ ስለሆነ ሲረግጡት ይደረመሳል፣ ለእግራችሁም ለአይጡም ጥሩ አይደለም። ጭላዳ አትመግቡ። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፣ ይሄኛው ቀልድ አይደለም፣ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት። ወፍራም ልብስ፣ ጓንት፣ ኮፍያ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል። ጋቢ ወይም ባና የሚባለው የመንዝ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ካላችሁ ያዙ፣ ከማንኛውም ጃኬት አይተናነስም። ምግብ ራሳችሁ አዘጋጁ፤ በሶና ቆሎ ለመንገድ ይበቃል። ጦስኝ መንገዱ ዳር ይሸታል፣ ማታ ሻይ ውስጥ ጣል ያደረጉበት እንደሆነ ድካሙ ይረሳል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጭጋግ ነው፣ በዚያን ጊዜ ባልሄድ እመርጣለሁ፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሜዳው ይለመልማል፣ ሰማዩም ይጠራል።

ለማን አይሆንም? የሞቀ ሆቴል ለሚፈልግ፣ ልጆቹ ትንንሽ ለሆኑና ዳገት ለማይወጡ፣ እንዲሁም ግማሽ ሰዓት ላይ ሰዓቱን ለሚያይ። የልብ ወይም የትንፋሽ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሂድ፣ ከፍታው ቀላል አይደለም። ለቀረው ሁሉ በሙሉ ልቤ እላለሁ፣ ሂዱ። ዋጋው ስለሚቀያየር እዚህ አልጽፈውም፣ መሐል ሜዳ ያለውን የጥበቃ ቦታውን ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከቻላችሁ ደግሞ የሙሉ ቀኑን ያዙ፣ በግማሽ ቀን ገደሉ ጫፍ ደርሳችሁ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ለማየት ጊዜ አይበቃችሁም።