«0.01 ዲግሪ» ተብሎ የተሸጠልኝ የባሕር ሙቀት መለኪያ፦ ከወራት በኋላ

«እስከ 0.01 ዲግሪ አይሳሳትም» ብለው ሸጡልኝ። ቁጥሩ እውነት ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ከታችሁት ብትጠብቁት ልኩን ይነግራችኋል። እኔ ግን የገዛሁት ለባልዲ አይደለም። ከእስራኤሏ የወደብ ከተማ ኢላት ወጣ ብለን፣ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክንድ በሆነው አቃባ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጀልባዋን ከቦታ ቦታ እየወሰድን፣ በገመድ እያወረድነው የውሃውን ሙቀት ከላይ እስከ ታች ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ነው።

ጉዱ የሚወጣው በነሐሴ ነው። ያኔ የባሕሩ ፊት 27 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ጥልቁ ግን እዚያው 21 ላይ ነው። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ ከዚያ ብዙም አይቀዘቅዝም። በደቡብ በሃኒሽ ደሴቶች በኩል ያለው የባሕሩ መግቢያ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ስለሆነ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ውሃ ዘልቆ አይገባም። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ለውጥ በሙሉ 6 ዲግሪ ገደማ ነው። አብዛኛው ደግሞ ያለው ቴርሞክላይን በሚባለው፣ ሙቀቱ ከጥልቀት ጋር ቶሎ በሚቀንስበት ንብርብር ውስጥ ነው።

እዚያ ላይ ነው ሴንሰሩ ወደ ኋላ የሚቀረው። የምላሽ ጊዜው፣ ማለትም ወደ አዲስ ሙቀት ሲገባ ንባቡ የሚዘገይበት ጊዜ፣ 10 ሰከንድ ነው፤ መመሪያው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። በሰከንድ 1 ሜትር ካወረድኩት ቴርሞክላይኑን 10 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳየኛል። ስስበው ደግሞ በዚያው ልክ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ቦታ፣ ያው ገመድ፣ የ20 ሜትር ልዩነት!

ሻጩ «ቀስ ብለህ አውርደው» ይለኝ ይሆናል። እሺ። ስህተቱን ወደ 1 ሜትር ለማውረድ በሰከንድ 10 ሳንቲሜትር መሄድ አለብኝ። 300 ሜትር ለመድረስ 50 ደቂቃ መሆኑ ነው። እስከዚያ ነፋሱ ጀልባዋን ሌላ ቦታ ወስዷታል። «ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል» ካለኝም ሞክሬዋለሁ። መዘግየቱን ሲያርም የሴንሰሩን ጥቃቅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል፣ መስመሩ መጋዝ ይመስላል። ደግሞ ባሕር ውስጥ የውስጥ ሞገድ የሚባል ነገር አለ። ቴርሞክላይኑን ራሱን ሜትሮች ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ታዲያ ካርታው ላይ ጉብታ ሳይ ባሕሩ ነው ወይስ መለኪያው? ገንዘቤን የከፈልኩት ይህን ለመለየት ነበር።

ባትሪው ጥሩ ነው። ግፊት ለክቶ ጥልቀት ማወቁም ደስ ይለኛል። ከመርከብ የሚወረወሩት ባለ ሽቦ መለኪያዎች ጥልቀቱን ከመውረጃው ሰዓት ነው የሚያሰሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ቀመሩ ሲታረም የቆዩ መረጃዎች ጥልቀት ከ3 በመቶ በላይ ተስተካክሏል። በዚህ በኩል አልከፋኝም።

በየካቲትና በመጋቢት ውሃው መቶዎች ሜትር ድረስ ይደባለቅና ሙቀቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ያኔ ቢዘገይም አይጎዳኝም፣ ለዚያ አስቀምጠዋለሁ። ለነሐሴ ግን ሌላ እየፈለግኩ ነው። ዘንድሮ ማንም ሻጭ ቢደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የምላሽ ጊዜውን ነው። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከሆነ ዋጋውን እንኳ አይንገረኝ።