ወንድሜን ለማሳከም ስንከራተት ያየሁት፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር

ጥር ላይ ጎጃም ነበርኩ። የሄድኩት ለጥምቀት ነው። ግን ሦስቱን ሳምንት የጨረስኩት ታናሽ ወንድሜን ከአረቄ ለማላቀቅ በር ሳንኳኳ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከውጭ ገንዘብ ይዛችሁ ቤተሰብ ለማሳከም ለምትገቡ ነው። እኔ የሠራሁትን ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት።

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ባለሙያ ነው። ስምንት ዓመት ሳላየው ቆይቼ ስደርስ እጁ ሲኒ አይዝም። ጠዋት አንድ መለኪያ ዳግም አረቄ ካልቀመሰ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። እናታችን "ሀራራው ነው" አለችኝ። ለምዳዋለች። በስልክ ግን ሁልጊዜ "ደህና ነን" ነበር የምትለኝ።

ለካ መስከረም ላይ የንስሐ አባታችን በግዝት ከልክለውት አረቄውን በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወደቀ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤት ሮጦ መጥቶ ክብሪት ጭሮ አሸተተው። የሚጥል በሽታ ያዘው ተባለ። ሌላም ነገር ያሉ ነበሩ። እሱም ፈርቶ ወደ መለኪያው ተመለሰ። ያ ቀን ምን እንደጣለው ከቤታችን የገባው ሰው አልነበረም። ሲነግሩኝ እኔም አልገባኝም።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። አሜሪካ ውስጥ 28 ቀን ተኝቶ ከሱስ የመታከም ነገር የተስፋፋው ከዚያው ከሚኒሶታ ነው። ሄዝልደን የሚባለው ማዕከል እዚያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ሁለቱ እንዲህ ያለ ቦታ ገብተው ሰው ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ። ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት የሱስ ሕክምና ማለት አልጋና ግቢ ነበር። የአክስቴ ልጅ "እዚሁ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ መጀመሪያ እሱን እናሳየው" አለችኝ። ተመላላሽ ሕክምና ለእሱ ምን ያደርግለታል ብዬ አልሰማኋትም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አዲስ አበባንም አስበን ነበር። አማኑኤል ከ80 ዓመት በላይ የአእምሮ ሕመምተኞችን ያከመ ሆስፒታል ነው። ጳውሎስም የሱስ ሕክምና ክፍል አለው። ግን የመንገዱን ስጋት ታውቁታላችሁ። እናቴ "በዚህ ጊዜ ዓባይን አታሻግሩብኝ" አለች። በዚህ ምክንያት ባሕር ዳር ወዳለ አንድ የግል ማገገሚያ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም።

በስልክ ያናገረችኝ ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። ሐኪም ቀንና ሌሊት አለ አለችኝ። ነርስ አለ፣ ምክር አለ፣ የ28 ቀን ፕሮግራም ነው አለች። 28 ስትለኝ ልቤ ረጋ። ከዚያ "እርስዎ ከውጭ ነው የደወሉት?" ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ለእረፍት መጥቼ ነው አልኳት። የወር ክፍያው 48,000 ብር፣ ቅድሚያ የሚከፈል ተባልኩ። ወደ ዶላር ስመታው ቀላል መሰለኝ። ሚኒሶታ ውስጥ በዚህ ገንዘብ አንድ ቀን አያስተኙትም። ይህ ሒሳብ ነው ያታለለኝ። በኋላ ግቢው በር ላይ ልጇን ያስገባች የዳንግላ እናት አገኘሁ። ለዚያው ክፍል፣ ለዚያው ወር የከፈለችው 22,000 ብር ነው። እሷም ከብት ሸጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ መለኪያ ጠጥቶ ገባ። ስልኩንና ቀበቶውን ወሰዱ። 15 ቀን ከቤተሰብ ጋር መገናኘት ክልክል ነው ተባልኩ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ጽጌረዳ ተተክሏል፣ ግድግዳው ላይ ጥቅስ ተለጥፏል። ሐኪሙን ላግኘው ስል "አሁን ወጣ" አሉኝ። በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። መስከረም ላይ መውደቁን እኔው ነገርኳቸው። ጽሕፈት ቤት ያለው ሰውዬ አንገቱን ነቀነቀ፣ የጻፈው ነገር ግን የለም።

ማክሰኞ ለሮብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለው የግቢው ዘበኛ ነው፣ በራሱ ስልክ። "እትዬ፣ ወንድምዎ ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ እዚህ ሰው የለም" አለኝ። ሰው የለም ያለው ሐኪም የለም፣ ነርስም የለም ማለቱ ነው። አንድ ተንከባካቢ የሚሉት ወጣት ብቻ ነበር። እሱም የሚያስተኛ መርፌ ወግቶታል። መኪና ፈለግኩ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም፣ ታክሲ የለም፣ የሆቴሉ ሾፌር አልወጣም አለ። አምቡላንስ ደወልኩ፣ አይነሳም። ማገገሚያው መኪና ነበረው፣ ቁልፉ ግን ሥራ አስኪያጁ ቤት ነው። ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማርያምን ስማጸን ነጋ። ያ ዘበኛ በየሩብ ሰዓቱ እየደወለ "ይተነፍሳል" ይለኝ ነበር። ወንድሜን በጎኑ አስተኝቶ ጭንቅላቱን በጋቢው ደግፎ አደረ። ሥራ አስኪያጁ ከተኛበት ያልተነሳለትን ሰው እሱ ጠበቀልኝ።

ሲነጋ በባጃጅ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰድነው። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተኝቷል። ወይኔ፣ ከባሰ ወደባሰ አመጣሁት አልኩ። ግን አንዲት ነርስ ቀርባ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? ስንት ሰዓት ላይ?" የሚለውን ነበር። ለ48,000 ብር ያልተጠየቅኩት ጥያቄ ይህ ነው። ሰዓቱን ስነግራት "ገባኝ" አለች። ጣቶቹን አስዘረጋችው፣ ስኳሩን ለካች፣ ምን የተባለ መርፌ እንደተወጋ ጠየቀች። ዘበኛው ጠርሙሱን በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር። ክሎርፕሮማዚን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት እንዲህ ላለ ሰው መንዘፍዘፉን ሊያብስበት ይችላል አለችኝ።

ከዚያ የሳይካትሪ ባለሙያው መጣና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የነገረኝን ሁላችሁም ስሙት። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተላምዶ ነው የሚሠራው። በድንገት ሲነጠቅ ይደነግጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል። የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ካልታከመም ይገድላል። የጫት ወይም የሲጋራ ሀራራ እንዲህ አይደለም። ያስጨንቃል እንጂ አይጥልም። አረቄ ግን ይለያል፣ በተለይ ዳግም፣ ግማሽ ሊሆን ምንም የማይቀረው አልኮል ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ነው፣ በሐኪም እጅ እየተቀነሰ ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ። ከእሱ ጋር ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ አንድ። ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚኑ መግባት አለበት፣ ካልሆነ አንጎል ይጎዳል አለኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ታያሚኑ አልቆ ስለነበር ከውጭ ግዙ ተባልን። ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አራተኛው ላይ አገኘሁ።

ሐሙስ ከባድ ነበር። ከብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን ይለቅም ነበር። አባታችንን እያየ ያወራል፣ አባታችን ከሞተ 11 ዓመቱ ነው። ዓርብም እንደዚያው። እሑድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ "እታለም፣ መቼ መጣሽ?" አለኝ። አለቀስኩ። አጠገባችን የተኛው ሰውዬ አስታማሚም አብራኝ አለቀሰች።

ስድስት ቀን ተኝቶ አልጋው፣ ምርመራው፣ ከውጭ የገዛሁት ሁሉ ተደምሮ 3,000 ብር አልሞላም። አልጋው አሮጌ ነው፣ ሽንት ቤቱን አላወራም፣ ምግብ ከቤት ነው የሚሄደው። ግን ሌሊት ሰው አለ። በየአራት ሰዓቱ መጥተው ያዩታል።

ወደ ማገገሚያው የሄድኩት ገንዘቤን ልጠይቅ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የተኛው። መጀመሪያ "ካሸሯ ለቅሶ ሄዳለች" አሉኝ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፣ "በራሳችሁ ፈቃድ ነው ያወጣችሁት፣ ተመላሽ የለውም" አለ። የፈረምኩት ወረቀት ላይ እንዲያ ይላል? አሳየኝ አልኩት። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ነው፣ ፋይሉ ተቆልፏል። ደረሰኜን አውጥቼ ሳየው በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው ብጣሽ ነው። ስከፍል አላየሁትም። በአራተኛው ቀን የምዝገባ፣ የልብስ አጠባ፣ የመድኃኒት ብለው ቀናንሰው 9,000 ብር እንመልስ አሉ። የመድኃኒት ያሉት ያንን መርፌ ነው። በአምስተኛው ቀን ስሄድ በሩ አልተከፈተልኝም። ዘጠኙ ሺህም አልመጣም። ሚኒሶታ ቢሆን ስልክ አንስቼ የምከስበት ቦታ ነበረኝ እያልኩ ስብሰለሰል አደርኩ። ከዚያ በኋላ ነው የክልሉ ጤና ቢሮ እንዲህ ያሉ ተቋማትን ፈቃድ እንደሚሰጥና እንደሚቆጣጠር የሰማሁት። አቤቱታዬን ጽፌ አስገብቻለሁ።

እባካችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን ግድግዳ ላይ እዩት። ሌሊት የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ስሙን ሳይሆን ሙያውን። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት በምን መድኃኒት እንደሚያሳልፉት ጠይቁ። "በምክር" ካሏችሁ ተመለሱ። ዋጋውንም እዚያው የሚኖር ዘመድ ይጠይቅላችሁ።

ጸበልስ የሚለኝ አይጠፋምና ልመልስ። ወንድሜ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ግሽ ዓባይ ሄዷል፣ እሱ ራሱ ፈልጎ። እኔም አምንበታለሁ። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይደለም። አረቄ በተወ በሁለተኛው ቀን ባዶ ሆዱን ውርጭ ውስጥ ቆሞ ቢወድቅ ኖሮ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሌላ ነው። የንስሐ አባታችንን አግኝቼ መስከረም ላይ የሆነውን፣ ሐኪሙም ያለውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር። መድኃኒቱን በጸበሉ ይዋጥ" አሉ። አንዳንድ ቦታ ክኒናችሁን ጣሉ የሚል እንዳለ ስለማውቅ ይህን ከእሳቸው አፍ መስማቴ ትልቅ ነገር ነው።

ትልቁ ክፍተት ከወጡ በኋላ ያለው ነው። እኔ ያለሁበት አገር የሚያቆም ሰው በየምሽቱ የሚሄድበት አለው። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ወንበር ደርድረው፣ ቡና አፍልተው የሚያወሩ የቀድሞ ጠጪዎች አሉ። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አይከፈልበትም። ሀራራውን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ክኒንም ይታዘዛል፣ ማርቆስና ባሕር ዳር ፈልጌ አላገኘሁም። የእኛ ሰፈር ያለው መታጠፊያው ላይ ያለችው አረቄ ቤት ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። እዚያች ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ተቀምጠው አይቻለሁ።

ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ተዝካሩም አለ። "ቅመስ እንጂ" ሲሉት እንቢ ማለት ሰው መናቅ ነው። እናቴ ግን ለጊዮርጊስ ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ጠላውን ትታ ብርዝ አቀረበች። አንዳንዱ አጉረመረመ አሉ። እሷ ግድ አልሰጣትም።

ወንድሜ አሁን በየወሩ ማርቆስ ሆስፒታል ይታያል፣ የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ያለችኝ ቦታ። ከቤታችን በእግር ይደረሳል። አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ለቅሶ ቤት ጠጥቷል። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ተናግሮ እንደገና ጀመረ። አልተቆጡትም አለኝ። ለዘበኛው ለፋሲካ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬለታለሁ። ከዚያ ግቢ ለቅቆ ሌላ ቦታ ገብቷል።

ትናንት ለወንድሜ ደወልኩለት። ከኋላው የብየዳው ድምፅ ይሰማል። "እታለም፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ማታ ደውይልኝ" አለና ዘጋው።