የእማዬ ነጠላና የ4 ኪሎዋ ኤዲተር

ባለፈው ጥር ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ አዲስ አበባ የገባሁት ለእናቴ ሙት ዓመት ነው። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ታክሲውን፣ ሲም ካርዱን፣ ባንኩን፣ የድንኳን ኪራዩን ሁሉ ተጠቅሜአለሁ። ስለ እነሱ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ፎቶ ቤት ነው። በዚህ ጉዞ በጣም ያዘንኩትም በጣም የተደሰትኩትም እዚያ ነውና።

ለሙት ዓመቱ አንድ ትልቅ ፎቶ ያስፈልገን ነበር። በፍሬም ተደርጎ ሻማው አጠገብ የሚቆም። እማዬ ደግሞ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። አንድ ጥሩ ፎቶ ነው ያላት፤ ታናሽ ወንድሜ የፋሲካ ዕለት ግቢ ውስጥ በስልኩ ያነሳት። ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው። ነጠላዋን እንዳጣፋች ናት። ፈገግ ልትል ስትል ነው የያዛት። ሽበቷ ከሻሿ አምልጦ ግንባሯ ላይ ወርዷል። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከኋላዋ ግን የልብስ ገመድ አለ። ገመዱ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። ከአንሶላው ሥር ቢጫ ጀሪካን። በግራ በኩል ጌሾው ቅጠሉን ዘርግቷል። ለቤተሰብ አልበም ምንም አይደለም። ሻማ አጠገብ ለሚቆም ፎቶ ግን አይሆንም። ስለዚህ ባክግራውንዱን ማስቆረጥ ነበረብን።

መጀመሪያ የሄድነው ቦሌ አካባቢ ወዳለ ትልቅ ፎቶ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ እንግዳ ተቀባይዋ ትሁት ናት፣ ቡና ሁሉ ጋብዘውናል። ልጁ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈተና አንድ ቁልፍ ተጫነ። በጥቂት ሰከንድ ገመዱም ጀሪካኑም ጠፋ። ወንድሜ «ዋው» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ታትሞ ስንወስደው ነው ነገሩ የገባኝ።

እማዬ በመቀስ የተቆረጠች መስላለች። ያመለጡት ሽበቶች የሉም፤ ግንባሯ ዙሪያ ልሙጥ መስመር ሆኗል። በግራ ትከሻዋ በኩል የጌሾው አረንጓዴ እንደ ቀጭን ክር ቀርቷል። የነጠላዋ አንዱ ጎን ተበልቷል፤ በሌላው ጎን ደግሞ የአንሶላው ቁራጭ የነጠላ አካል ሆኖ ተለጥፏል። ፊቷን ሳንጠይቃቸው አለስልሰውታል። ንቅሳቱ በግማሽ ደብዝዟል። ከኋላዋ ሐምራዊ ደመናና የሚበሩ ርግቦች አስገብተዋል። 400 ብር ከፍለናል። ስለ ገንዘቡ አይደለም የከፋኝ። ያቺ ሴትዮ እማዬን ትመስላለች እንጂ እማዬ አይደለችም።

ቅሬታዬን ሰምተው «ሶፍትዌሩ ነው እንደዚያ የሚያደርገው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ሶፍትዌሩ ነው። ፎቶሾፕ ሰውን ከጀርባው ለይቶ የሚመርጠውን ሰሌክት ሰብጀክት የሚባለውን ነገር ያስገባው በ2018 ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ክሊክ ባክግራውንድ የሚያጠፉ ድረ ገጾችና የስልክ አፖች በዝተዋል። ኮት የለበሰ፣ ፀጉሩን የተቆረጠ፣ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ከሆነ ጥሩ ይሠራሉ። ነጠላ ግን ሌላ ነገር ነው። ስስ ነው። ከኋላው ያለውን ያሳልፋል። ነጭ ነጠላ ነጭ አንሶላ ፊት ሲሆን ማሽኑ የቱ ጋ እንደሚያልቅ መለየት ያቅተዋል። ጫፉ ላይ የተቋጨው ክር ደግሞ ለማሽኑ ቆሻሻ ነው። ማሽኑ ግምቱን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው፤ እነዚያ ልጆች እዚያ ድረስ አልሄዱም።

ወንድሜ የሥራ ባልደረባውን ጠይቆ 4 ኪሎ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት አገኘ። ፎቶ ኮፒ፣ ጥራዝ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ኅትመት የሚሠራባት ዓይነት ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ፎቶውን በወንድሜ ቴሌግራም ላክንላት። ከፈተችው፣ አጎላችው፣ ወደኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ አለዎት? ይሄ ተጨምቆ የመጣ ነው።»

ቦሌ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል። የደረሳት 960 በ1280 ፒክስል ነበር፤ ፒክስል ፎቶው የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። እኛ የምንፈልገው ኤ3 በሚባለው ትልቅ ወረቀት ነው። ኤ3 ወርዱ 11.7 ኢንች ስለሆነ፣ ይህ ፎቶ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች 82 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። ለጥሩ ኅትመት የሚፈለገው 300 አካባቢ ነው። ወንድሜ ከስልኩ ኦሪጅናሉን ፈልጎ «እንደ ፋይል» ብሎ ላከው። 3024 በ4032 ሆኖ ገባ፤ በኢንች 258 ማለት ነው። እሷም «አሁን ነጠላው ታየኝ» አለች። እውነትም ሲጎላ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ውጭ ያላችሁ ሰዎች ይህቺን ያዙልኝ። ከአገር ቤት ፎቶ ስታስልኩ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉ። ብዙ የቤተሰብ ፎቶ የሚበላሸው ገና ኤዲተሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው።

ልጅቷ ወንበር ሰጠችኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዳይ ስለፈቀደችልኝ አመሰግናታለሁ። እሷም ሥራውን የጀመረችው በአውቶማቲኩ ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ። ግን ምንም ነገር አላጠፋችም። ሌየር ማስክ ላይ ነው የሠራችው። ማስክ ፎቶው ላይ እንደተጋረደ መጋረጃ ነው። ጥቁር የተቀባበት ቦታ ይደበቃል፣ ነጭ የተቀባበት ይታያል፣ ግራጫ የተቀባበት በከፊል ያሳልፋል። ፎቶው ራሱ ከሥር እንዳለ ነው። የተሳሳተው ነገር በነጭ ብሩሽ ይመለሳል። በማጥፊያ ቢሆን ኖሮ የጠፋው ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ትከሻዋንና ክንዷን በፔን ቱል ዞረችው፤ ነጥብ በነጥብ፣ መስመሩን እያጎበጠች። ፀጉሯ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«እማማ ያመለጠው ፀጉራቸው ይቆይ ወይስ ላስተካክለው?»

«ይቆይ» አልኳት። ጉሮሮዬ ተናነቀኝ። እማዬ ያን ሽበት ቀኑን ሙሉ በመዳፏ ወደ ኋላ ስትመልሰው ነው የማውቃት።

ለፀጉሩ የሚሆን ለብቻው ብሩሽ አለ። ጠርዙ ላይ ሲያልፉበት የፀጉሩን ዘለላ ከጀርባው ይለያል። እሱ ያልያዘውን ደግሞ በአንድ ፒክስል ብሩሽ እያንዳንዱን ሽበት በእጇ መለሰችው። አሥራ አንድ ዘለላ ቆጥሬአለሁ።

የነጠላው ሥራ ግን ልብ ይነካል። ሙሉ ነጭ ብትቀባው የጀሪካኑ ቢጫና የጌሾው አረንጓዴ በነጠላው ውስጥ ይታያል። ሙሉ ጥቁር ብትቀባው ነጠላው ይጠፋል። ስለዚህ ግራጫ ቀባችው። ነጠላው በተደራረበበት ትከሻ ላይ ወደ ነጭ የቀረበ፣ ነጠላው አንድ እጥፍ በሆነበት ጎን ላይ ጠቆር ያለ። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ባክግራውንድ በነጠላው ውስጥ በስሱ ያልፋል፤ እውነተኛ ነጠላ እንደሚያሳልፈው።

ቢጫው ግን ገና አለ። ከላይ ሌላ ሌየር፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚደረብ ገጽ፣ ጨመረች። ከትከሻው ላይ፣ ነጠላው ድርብ ከሆነበት ቦታ የራሱን የነጠላውን ነጭ ቀዳች። ቀለሙን ብቻ በሚቀይር ሁኔታ አድርጋ ቢጫው ላይ አለፈችበት። ጥላውና ብርሃኑ ባለበት ቀረ፣ ቢጫው ሄደ። ጀሪካኑ እማዬን ለቀቃት።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ በባትሪ ላይ ስለነበር ፋይሉን አስቀምጣ ዘጋች። በየደቂቃው ስታስቀምጥ አይቻለሁ፤ የለመደች ናት። ቀሪውን በማግስቱ ጨረስን። በጠቅላላ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወስዷል።

ለጀርባው ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። እኔ ሐምራዊ ደመናውን አስታውሼ «ምንም» አልኩ። እሷ ግን ምንም የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳችኝ። ንጹሕ ነጭ ብታደርገው ነጠላው ይጠፋል። ጥቁር ብታደርገው የሐዘን ማስታወቂያ ይሆናል፣ ጠርዙም ያስታውቃል። የቡና ቀለም ያለው፣ ወደ ግራጫ ያዘነበለ አንድ ቀለም መረጠች። ፎቶው ላይ ፀሐይ ከቀኝ ስለምትመጣ በቀኝ በኩል ጥቂት አፈካችው። ጥለቱ በዚያ ቀለም ላይ በደንብ ወጣ።

በልጅነቴ ባክግራውንድ ማለት ሸራ ላይ የተሳለ መጋረጃ ነበር። የእማዬና የአባዬ የሠርግ ፎቶ እንደዚያ ነው፤ ከኋላቸው የተሳለ ደረጃና የአበባ ማስቀመጫ አለ። የፒያሳ ፎቶ ቤት ነው። ፒያሳ ለአገራችን ፎቶ ትልቅ ቦታ ነበረች። ከአፄ ምኒልክ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሳው የአርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ ስም እስከ ዛሬ ይነሳል። በዚያን ጊዜ ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ የሚያስተካክሉ፣ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች ነበሩ። ልጅቷ የኮምፒውተር ማውስ ይዛ ስትቀባ ሳይ እነሱ ናቸው የታወሱኝ። መሣሪያው ተቀየረ እንጂ እጁ ያው ነው።

የጉዞው ሌላ የፎቶ ጉዳይ የልጄ ፓስፖርት ነበር። የአሜሪካ ፓስፖርቷ ሊያልቅ ስለሆነ እግረ መንገዴን ፎቶ ላስነሳት ብዬ ሌላ ፎቶ ቤት ገባን። ሰማያዊ ግድግዳ ፊት ሊያስቆማት ሲል «ነጭ ነው የሚፈለገው» አልኩት። «ችግር የለም፣ በኋላ ቆርጬ ነጭ አደርገዋለሁ» አለኝ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ፎቶ በሶፍትዌር፣ በስልክ አፕም ሆነ በኤአይ እንዳይነካ መመሪያው በግልጽ ይከለክላል። ነጩ ጀርባ ከመጀመሪያው ነጭ መሆን አለበት። መነጽርም ከኅዳር 2016 ጀምሮ አይፈቀድም። ልጁ ሳይከፋው ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ሰቀለልን። ፎቶው 2 በ2 ኢንች ሆኖ ተሠራ። ሥራው ንጹሕ ነበር።

ወደ 4 ኪሎዋ ልመለስ። ልጅቷ ስትጨርስ ሦስት ፋይል ፍላሽ ላይ ገለበጠችልኝ። አንዱ ሌየሮቹ ሁሉ ያሉበት ፒኤስዲ ነው። ሁለተኛው ጀርባ የሌለው ፒኤንጂ። ሦስተኛው ለኅትመት የተዘጋጀው። «በጄፔግ ብቻ ቢወስዱት ጀርባው ነጭ ሆኖ ነው የሚቀመጥልዎት፣ ሌላ ቦታ ማስገባት አይችሉም» አለችኝ። ቦሌ የሰጡኝ ጄፔግ ብቻ ነበር። ከኤዲተር ጋር ስትሠሩ ሌየር ያለበትን ፋይል ጠይቁ። ነገ ሌላ ባለሙያ ከዚያው መቀጠል ይችላል።

ዋጋው 700 ብር ነበር፣ ኅትመቱ ለብቻው። ወንድሜ በቴሌብር ከፈለ። እኔ ጨመር አድርጌ ልሰጣት ስል መጀመሪያ አልቀበልም ብላ ነበር። «ለእማማ ነፍስ ይማር ይበሉልኝ» አለች። በግድ አስያዝኳት።

ጉድለት አልነበረም አልልም። ቦታው ጠባብ ነው። ሰልፍ አለ፤ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይጋፋሉ። ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ መቀመጫ የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ ይሻላል። የወረቀት ምርጫም የላቸውም፤ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። እኛ የማያብረቀርቀውን፣ ማቱን መረጥን፤ በሻማው ብርሃን እንዳያንጸባርቅ። ፍሬሙን ሌላ ቦታ ነው ያሠራነው።

የሙት ዓመቱ ዕለት ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። ትልቋ አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ዓይኗ ደክሟል። ፎቶው ፊት ቀርባ ብዙ ቆየች። ፊቱን ያየች መስሎኝ ነበር። ጣቷን አንስታ መስታወቱ ላይ፣ ነጠላው ጫፍ ጋ አሳረፈችው። የተቋጨው ክር ላይ።

«ይሄ የእኔ ፈትል ነው» አለች። «ቋጩንም እኔ ነኝ የቋጨሁላት።»

በማግስቱ ጠዋት ፍላሹን ይዤ 4 ኪሎ ተመለስኩ። ለአክስቴ አንድ ቅጂ አሳተምኩ።